በዙር የምንቀጣው ልጁን ነው ወይስ ሩጫውን?

የዚህ የኢንተርኔት ውይይት (ክር) መነሻ አንድ አቋም ነው፤ ጥያቄ ተከትሎታል። ክሩን የከፈተው ሰው የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ መሆኑን በአንድ ቃል ጠቅሶ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ። ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ሩጫ የሚተዉት ልምምዱ ስለሚከብዳቸው ሳይሆን ሩጫው ራሱ ቅጣት ስለሚሆንባቸው ነው ባይ ነው። የዘገየ 10 ዙር፣ ያወራ 5 ዙር፣ መጨረሻ የገባ 20 ፑሽ አፕ፤ በየሜዳው የሚታየው ይኸው ነው። ወዶት የመጣውን ነገር ባጠፋ ቁጥር እንዲከፍለው እያደረግን ቆይተን፣ 16 ሲሞላው ለምን ቀረ ብለን እንገረማለን አለ። ጥያቄው፣ ቅጣቱ ከተነሳ ሥርዓት በምን ይያዝ የሚል ነው። ሰላምታና ምርቃት ብቻ የሆኑትን ምላሾች ዘልዬ የቀሩትን እንደ ቁጥራቸው አስቀምጣለሁ።

1። የመጀመሪያው መላሽ ከፋቹን አመስግኖ ተስማማና ሒሳብ ጨመረበት። በ400 ሜትር ትራክ 10 ዙር ማለት 4 ኪሎ ሜትር ነው። የ13 ዓመት ልጅ የዕለት ዕቅዱ ማሟሟቂያውን ጨምሮ 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ የዘገየው ልጅ 9 ሮጦ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በማግስቱም እንደገና ልምምድ አለ። ደግሞም አዘውትሮ የሚዘገየው ቤቱ የራቀው፣ ውሃ ቀድቶ ወይም ከብት አሰማርቶ የሚመጣው ነው፤ ሜዳ ሲደርስ ግማሹን ሥራ በመንገድ ላይ ጨርሶታል። አሰልጣኙ ደብተሩ ላይ 5 ይጽፋል፤ የልጁ እግር ግን 9ን ይዞ ያድራል። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ሲያብጥ ጫማው ላይ ይፈረዳል።

2። ሁለተኛው ወደ ምትኩ ሄደ። የዘገየ ልጅ ከጥግ ሆኖ ማሟሟቂያውን 10 ደቂቃ ብቻውን ይሠራል፤ ሰውነቱ ሳይሞቅ ቡድኑ ውስጥ አይገባም፤ ያመለጠው ያመልጠዋል። ይህ የሚሠራው ግን የሚያመልጠው ነገር የሚያስቆጭ ሲሆን ነው። ስለዚህ የዕለቱ ደስ የሚለው ክፍል መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ ይላል፤ ለምሳሌ አራት አራት እየሆኑ 60 ሜትር ቅብብል፣ ስድስት ጊዜ፣ ቡድኑ በየዙሩ እየተበወዘ። ብዙ አሰልጣኞች ጨዋታውን ለመጨረሻ፣ ለሽልማት ያስቀምጡታል፤ ልጆቹ ግን በዚያ ሰዓት ደክመዋል፤ ለትምህርት ቤትም ይቸኩላሉ። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ነገ ጠዋት ያለ ምንም ወጪ ሊሠራ የሚችለው ይሄ ነው።

3። ሦስተኛዋ መላሽ አሰልጣኝ ናት። ቅጣቱን ብቻ አታሳድዱ፣ ስቶፕ ዎቹም ጥፋተኛ ነው አለች። በልምምዱ ማብቂያ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ሰዓት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ ከ24 ልጆች ሃያዎቹ በየቀኑ ተሸንፈው ወደ ቤት ይገባሉ። ለዚህ ያቀረበችው የግምት ሩጫ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን። ልጆቹ የእጅ ሰዓት ያወልቃሉ። እያንዳንዱ 400 ሜትሩን በስንት እንደሚጨርስ ለአሰልጣኙ ይናገርና ይጻፋል። አራት ጊዜ ይሮጣሉ፤ በመሃሉ 2 ደቂቃ በእግር ይንሸራሸራሉ። የሚያሸንፈው ፈጣኑ ሳይሆን ለግምቱ የቀረበው ነው። 1:50 ብላ በ1:51 የገባች ልጅ፣ 1:15 ብሎ በ1:22 የገባውን ጎረምሳ ትረታለች። ልጆቹ ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ አሰልጣኙ ግን የሩጫ ፍጥነትን በሰውነት መለካት እያስተማረ ነው። ይህን የማያውቅ ሯጭ በ16 ዓመቱ የመጀመሪያውን ዙር እንደ 400 ሜትር ሯጭ ተፈትልኮ፣ ሦስተኛው ላይ ይቆማል።

4። አራተኛው ሐሳቡን ወድጄዋለሁ ካለ በኋላ ቀዳዳ አሳያት። ብልጦቹ ሆን ብለው 2:10 ይሉና እየተዝናኑ ይገባሉ። ስለዚህ የልጁ ግምት ካለፈው ሳምንት አማካይ ሰዓቱ ከ5 ሰከንድ በላይ ሊዘገይ አይገባም፤ በአራቱ ሩጫዎች መካከል ያለው ልዩነትም ከ3 ሰከንድ ከበለጠ ነጥብ የለም። ሌላም ችግር አለ፤ አንድ ሰው የ24 ልጆችን ሰዓት ሊይዝ አይችልም። ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ክፈሏቸው፤ ስድስቱ ሲሮጡ ስድስቱ መስመሩ ላይ ቆመው እያንዳንዳቸው የአንድ ሯጭ ሰዓት ይመዝግቡ፤ አሰልጣኙ ሰከንዱን ጮክ ብሎ ይቁጠር። የጓደኛውን ሰዓት በእጁ የጻፈ ልጅ በመጨረሻ የገባ ላይ አይስቅም፤ ስንት ሰከንድ እንዳሻሻለ ስለሚያውቅ።

6። ከአርሲ የጻፈ መላሽ በቆጂን አነሳ፤ ሳይነሳ ይቀራል ብዬም አልጠበቅሁም። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እንደነበሩ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው እንዳለፉ አስታወሰ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ለሳንባ ትጠቅማለች፤ ግን እንደዚያ ከፍታ ያላቸው ሌሎች ከተሞች ሞልተው ለምን በቆጂ ብቻ ተባለ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ለእሱ ጠዋት ጠዋት ሳይታክት ሜዳ የሚገኝ አንድ ሰው ነው።

ከዚያ ስለ ጫካ ሩጫ የጻፈው ከክሩ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው። በባሕር ዛፍ መሃል ዚግዛግ ሲሮጥ ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች አንድ መስመር ይሠራሉ፤ መሪው በየ2 ደቂቃው ይቀየራል፤ ማንም መሪውን አይቀድምም። መጀመሪያ የሚመራው የቡድኑ ደካማ ይሁን ይላል። መሬቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ፍጥነት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መንገድ የመምረጥ ሥልጣን ደግሞ የልጁ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሳይታወቃቸው ያልቃል። የሚበላሸው ልጆቹ ተጠጋግተው ሲሮጡ ነው፤ የኋለኛው ጉቶውን አያየውም። ስለዚህ በሁለት እርምጃ ይራራቁ፤ ፊት ያለው ጉቶ ወይም ሥር ሲያይ በእጁ ወደ መሬት ያመልክት፤ ምልክቱም እስከ ኋላው ድረስ ይተላለፍ። የሚያበቃው የእነዚያን ልጆች ዕድሜ በመቁጠር ነው፤ ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር፤ ቀነኒሳም በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ42 ዓመቱ ሮጧል። በልጅነቱ የተሰለቸ ሰው እዚያ አይደርስም ባይ ነው።

7። ሰባተኛው በጨዋ ቋንቋ ግን ሳይምር አረመው። የምናውቀው የዘለቁትን ብቻ ነው፤ ከእነሱ ጋር ሜዳ የወጡትን ሌሎች ልጆች ማን ቆጠረ? ከሦስት ዝነኞች ተነስቶ አንድ አሠራር ትክክል ነው ማለት አይቻልም። የአሰልጣኝ መለኪያው ሜዳሊያ ሳይሆን የስም መጥሪያ ደብተሩ ይሁን፤ መስከረም ላይ የተመዘገቡት ሰኔ ላይ ስንቱ አሉ፣ የቀሩትስ በየትኛው ወር ቀሩ። ወሩ ከታወቀ ምክንያቱ አይጠፋም፤ ፈተና ነው፣ አጨዳ ነው፣ ወይስ ከማጣሪያ ውድድር ማግስት ነው።

8። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ስምንተኛው መላሽ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው ብሎ ተነሳ። በጥብቅነታቸው ይታወቁ የነበሩትን የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬን ጠቅሶ፣ የኢትዮጵያ ወርቅ በማባበል አልመጣም አለ። የኖርዌዮቹን ሯጮች የኢንገብሪግትሰን ወንድሞችንም ጨመረ፤ አባት ፈላጭ ቆራጭ ሆኖ አሠለጠነ፣ ከወንድሞቹ አንዱ ያኮብ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ1500፣ በፓሪስ ኦሎምፒክ በ5000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ማልቀስ የሚፈልግ ልጅ ቤቱ ይቀመጥ ብሎ ጨረሰ።

9። መልሱ ከሕግ ባለሙያ የመጣ ይመስላል፣ ሁለቱንም ምሳሌ አንድ በአንድ አፍርሷል። ዶ/ር ወልደመስቀል የመሩት ብሔራዊ ቡድን ነው፤ የአዋቂ አትሌቶችን ሥርዓት ወስዶ የ12 ዓመት ልጅ ላይ መጫን እሳቸውን መምሰል አይደለም። የኖርዌዩን ታሪክ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብበው አለው። ሦስቱ ወንድሞች ከአባታቸው ሥልጠና በ2022 ወጥተዋል፤ በ2023 አባታችን ጉልበትና ዛቻ ይጠቀም ነበር ብለው በአደባባይ ከሰሱት፤ በ2025 ፍርድ ቤቱ ያኮብን በተመለከተ አባትየውን ነፃ ብሎ፣ ሴት ልጁን በመምታቱ ግን ጥፋተኛ አድርጎታል። ያቺ ልጅ ሩጫ አቁማለች። ወንድሞቿን ስንቆጥር እሷን ለምን እንዘላለን የሚለው የዚህ መላሽ ዋና ነጥብ ነው፤ ሰባተኛው ካለውም ጋር ይገጥማል።

10። ስምንተኛው ተመልሶ መጣ፤ ፊሽካ በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሜዳ አያውሩ የሚል ነው። ከሥሩ የተጻፉ ሁለት ምላሾች በአወያዩ ተነስተዋል፤ ባይነሱም የሚጠቅም ነገር አልነበራቸውም። አንድ ነገር ግን ልመሰክርለት ይገባል፤ ጥብቅነትን ሁሉ ከዘለፋ ጋር አንድ ላይ የሚጨፈልቁትን መውቀሱ ልክ ነበር። ሰዓት ማክበርን ማስተማርና ልጅን በጓደኞቹ ፊት ሰነፍ ብሎ መጥራት ለየቅል ናቸው።

11። አንድ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ጭቅጭቁን እንዳላየ አልፎ ስለ ተረከዝ ጻፈ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ተረከዝ ላይ የሚያድገው የአጥንት ጫፍ ገና ስላልጠነከረ፣ የባት ጅማት ሲጎትተው ያማል፤ ሴቨር ይባላል። ከ10 እስከ 15 ባለው ደግሞ ከጉልበት ሎሚ በታች ያብጥና ሲነካ ያማል፤ እሱ ኦስጉድ ሽላተር ነው። ሁለቱም የሚብሱት ልጁ ቶሎ በሚያድግበት ወቅት ነው። አሰልጣኙ ግን የሚያየው ትናንት ይበር የነበረ ልጅ ዛሬ ሲያነክስ፣ ዙር ላይ ሲዘገይ ነው፤ ሰነፈ ብሎ ይፈርድበታል። ልጁም እያመመው ሰነፍ መባልን የሚያመልጥበት አንድ መንገድ ብቻ ያገኛል፣ መቅረት።

መለኪያው ቀላል ነው ይላል። በየሦስት ወሩ ልጆቹን ባዶ እግራቸውን ከግድግዳ አስጠግታችሁ ቁመታቸውን ለኩ። በሦስት ወር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የጨመረ ልጅ በፈጣን ዕድገት ላይ ነው፤ ዝላይና ቁልቁለት ይቀነስለት፣ ከአስፋልት ወደ ሣር ይውረድ። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በጣት ጫን ስትሉት ከጮኸ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አጠቃላይ መጠኑንም ሰጠ፤ የሳምንቱ ልምምድ በሰዓት ሲቆጠር ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይኑር፣ በዓመት ውስጥም ሁለት ሦስት ወር ከሩጫ ወጥቶ ኳስ ይጫወት። ሁለት መላሾች ወዲያው የቁመት ሰንጠረዥ ጠየቁት፤ መስመር የተሠመረበት ደብተር ይበቃል አላቸው።

13። ሦስተኛዋ መላሽ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ትህትናዋ ቀንሷል። እስካሁን ሁላችሁም ልጁ፣ ልጁ ስትሉ ቆያችሁ፤ ሴቶቹ የት ገቡ? ከ12 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ከሜዳ የሚጠፉት እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ስፖርቱ አይደለም። ሜዳው ላይ የሚዘጋ መጸዳጃ የለም። የመለማመጃ ቁምጣው ቀለሙ ነጭ ነው። ልምምዱ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው፣ መንገዱም ጭር ያለ ነው። የወር አበባዋ የመጣ ልጅ ለወንድ አሰልጣኝ ከምትናገር 10 ዙር ብትቀጣ ትመርጣለች። ጥቁር ቁምጣ፣ ልምምዱን ግማሽ ሰዓት ማስረፈድ፣ ከሰፈር ሦስት ሦስት ሆነው እንዲመጡ ማድረግ፣ አንዲት ሴት ረዳት፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም።

ሚዛንን ለይታ አነሳች። በሰው ፊት ልጅ መመዘን፣ ወፍረሻል ማለት ከየትኛውም ዙር ይብሳል አለች። አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬይን በ17 ዓመቷ በ2013 ለሞስኮው የዓለም ሻምፒዮና የደረሰች ሯጭ ነበረች፤ በ2019 በአደባባይ የተናገረችው ክብደት እንድትቀንስ በተደረገባት ጫና የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት መቋረጡን፣ አጥንቷ በተደጋጋሚ መሰንጠቁን ነው። የወር አበባዋ ከጀመረ በኋላ ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ሐኪም ይያት እንጂ ጎበዝ ቀጭን ሆንሽ አትባልም። ደክሞኛል የምትልም ደሟ ይታይ፤ የብረት ማነስ ከስንፍና ጋር ሜዳ ላይ አይለይም። ለዚህ ምላሽ የተቃወመ አልነበረም፤ ስምንተኛውም ዝም አለ።

14። ከሜሪላንድ የጻፈ ወላጅ ክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው። እዚያ ያሉ የሐበሻ ልጆች ችግር አሰልጣኙ ሳይሆን ከጨዋታ መልስ መኪና ውስጥ የሚሰጠው ትንታኔ ነው ይላል፤ ልጁ ቀበቶ ታስሮ፣ መውረጃ አጥቶ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ለምን ኳሱን አላቀበልክም ይባላል። አሰልጣኙ በዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ሰብስቦ አንድ ደንብ ያስይዝ፤ ቤት እስኪደረስ ስለ ጨዋታው የሚያነሳው ልጁ ብቻ ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ሰሜን አሜሪካው ዓመታዊ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር፣ ከዚያ ወደ ምግቡና ወደ ትኬት ዋጋ ሄደ። ሦስት ምላሾች እንዲሁ አለፉ።

18። አሥራ ስምንተኛው መልሶ ወደ ሜዳው አመጣን፣ በመረረ ቋንቋ። ስለ ፍቅር የምታወሩ ሁሉ ስለ ዕድሜ ማጭበርበር ማውራት ለምን ትፈራላችሁ አለ። 18 የሆነው 15 ተብሎ ሲመዘገብ የሚጎዳው ፌዴሬሽኑ ብቻ አይደለም። እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ከአዋቂ ጋር እንጂ ከእኩያው ጋር አይሮጥም፤ በየማጣሪያው በመቶ ሜትር ርቀት ይቀደማል፤ ተሰጥኦ የለኝም ብሎ ይሄዳል። ያንን ወረቀት የሚያስተካክለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሰልጣኙ ነው። በእግር ኳስ ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜን ለመለየት የእጅ አንጓ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ) እንደሚያስነሳ ጠቅሶ፣ ወረዳ ላይ ኤምአርአይ ባይኖርም የአንደኛ ክፍል መዝገብ አለ አለ። ለውስጥ ልምምድ የሰጠው መላ ጥሩ ነው፤ ልጆቹን በወረቀት ዕድሜ ሳይሆን በቁመትና በዕድገት ደረጃ መድቡ፤ የፊዚዮቴራፒስቱ ደብተር እዚህም ያገለግላል።

19። አንድ አንባቢ ይህ ሁሉ በጥናት ታይቷል ወይ ሲል ጠየቀ። 20ኛው መለሰ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል ከባልደረባቸው ጋር በ1992 ባወጡት ጥናት፣ የጥቂት ሰዓት ሥልጠና ከወሰዱ የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞች ሥር የነበሩ ልጆች በቀጣዩ ዓመት የቀሩት 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልሠለጠኑት ሥር የቀሩት 26 በመቶ ነበሩ። የቀሩትም ቡድናቸው ስለተሸነፈ አልነበረም። ሥልጠናው አሰልጣኙን እንዲህ ያስለምደዋል፤ ልጁ የሠራውን ጥሩ ነገር ሳይዘገይ መንገር፣ ሲሳሳት አንድ እርማት ብቻ መስጠት፣ እርማቱም ምን እንደሚያደርግ የሚነግር እንጂ ምን እንዳጠፋ የሚዘረዝር አለመሆኑ። አትወጣጠር ከማለት ትከሻህን ልቀቅ፣ አውራ ጣትህን ከሌባ ጣትህ ጋር አገናኝ ማለት። ሩጫ እየሮጠ ያለ ልጅ ሁለት ትእዛዝ አይሰማም።

21። ከፋቹ ተመልሶ የሚሞክረውን ጻፈ። ዙርና ፑሽ አፕ ይነሳል፤ ቅብብሉ መጀመሪያ ይሆናል፤ ሰዓት ጮክ ተብሎ አይነበብም፤ ሐሙስ የግምት ሩጫ ነው፤ ልምምዱ ግማሽ ሰዓት ይረፍዳል። ለሦስት ሳምንት አይቶ ውጤቱን እንደሚያሳውቅ ቃል ገባ። ስምንተኛውን ሳይቀር አመሰገነ።

22። ሰባተኛው ግን አልለቀቀውም። ሦስት ሳምንት አይበቃም፤ አዲስ ነገር ሁሉ ለሦስት ሳምንት ይወደዳል። ከወር በኋላም ፈተና ስለሚመጣ የቀሩት በምን እንደቀሩ አይለይም። ከየካቲት እስከ ሰኔ ያዝ፤ የስም መጥሪያውን ወንድና ሴት ለይተህ ጻፍ፤ የቀረ ልጅ ቤት በሳምንቱ ውስጥ ሰው ላክ፣ ለመውቀስ ሳይሆን ለመጠየቅ። ደግሞ አምስቱን ነገር በአንድ ቀን አትቀይር፤ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ቅጣቱን አሁን አንሳ፣ የቀረውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ አስገባ።

23። ስምንተኛው የመጨረሻውን ጻፈ፣ ድምፁ ትንሽ ለዘብ ብሎ። ዙር ካልሰጠህ ያወራውን ልጅ ምን ታደርገዋለህ ብሎ ጠየቀ። አራተኛው በአንድ መስመር መለሰለት፤ ስቶፕ ዎቹንና ደብተሩን ስጠው፣ የስድስቱን ሰዓት ይያዝ።